ለጥጆች የተከለለ ሣር

ሰው በገዛ ስሙ በተጻፈ መሬት ላይ «ይህን ማድረግ አትችልም» ብሎ ሊነግረው የሚችል ማን ነው? ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህንን ጥያቄ ለሌሎች ሰዎች እንድመልስ ነበር፤ ለራሴ ግን ልመልሰው አልቻልኩም። ዝናብ በማያባራበት በሆላንድ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስማር መምህሮቼ መልሱን በቃሌ አስይዘውኝ ነበር። እዚያ ሰው የመስኮቱን ቀለም ለመቀየር እንኳ ያስፈቅዳል፤ የሚገርመውም የለም። ከናይሮቢ ወዲህ ወዳለው የከብት አርቢዎች አገር፣ ወደ ካፑቲየይ ሜዳ ስመለስ ግን ያ መልስ አፌ ውስጥ ይደርቅብኝ ጀመር። የአገሬ ሰዎች ጥያቄውን ሲጠይቁኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነውና።

የምሠራበት የካውንቲው፣ የአውራጃው ማለት ነው፣ ጽሕፈት ቤት በኦልማሳንጋ መንደር ዙሪያ ያለውን መሬት በሦስት ሊመድብ አስቦ ነበር። አስፋልቱን ተከትሎ ሱቅና መኖሪያ የሚሠራበት ቀጠና፤ ከዚያ ወዲያ ከሃምሳ ኤከር፣ ከሃያ ሄክታር ያህል፣ በታች ተቆርሶ የማይሸጥ የግጦሽ ቀጠና፤ በግጦሹ መካከል ደግሞ ከብቶች በበጋ ወደ ወንዙ ዳር የሚወርዱበት፣ ማንም የማያጥረው መተላለፊያ። ዕቅዱ የሚጸናው የመሬቱ ባለቤቶች ከተስማሙበት ብቻ ስለ ሆነ ስብሰባው ዓርብ ጠዋት በትልቁ ግራር ሥር ተጠርቷል። እኔም አገሩን በእግሬ ላይ ብዬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመጣሁበት ሞተር ብስክሌት ወርጄ ስሄድ፣ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ይዘው በሽቦ አጥር ፊት ቆመው አገኘሁ። ከብቶቹ አፍንጫቸውን ወደ ሽቦው አስጠግተው ማዶውን ያያሉ። ሽማግሌውም እንደ ከብቶቹ ማዶውን ያያሉ።

ፓርሙአት ኦሌ ኮይሌኬን ነበሩ። ከሟች አባቴ ጋር በአንድ ወቅት የተገረዙ እኩያው ናቸው፤ ሁለቱ ጊደር ተሰጣጥተው ስለ ነበርም ዕድሜያቸውን ሙሉ በስም ሳይሆን «ፓኪቴንግ» እየተባባሉ ኖረዋል፤ የጊደር ወዳጄ እንደ ማለት ነው። የአባት እኩያ ሁሉ አባት ነውና ጎንበስ ብዬ አናቴን ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ዓይናቸው ግን ከአጥሩ አልተነሣም።

«ታጄው ነህ?»

«ነኝ አባቴ።»

«ወፍረሃል። ቢሮ ማለት እንደ ክረምት ሣር ነው ለካ።»

«ይህ አጥር መቼ ተሠራ?»

«ጠዋት ከብት ይዤ ስወጣ አልነበረም፤ ስመለስ አለ። አጥር እንደ እንጉዳይ ነው፣ ሲበቅል ያየው የለም።»

«መሬቱን የገዛው ሰውስ የት ነው?»

«እሱ ናይሮቢ ነው አሉ። ውሻው ግን እዚህ ነው።»

እውነትም ከማዶ አንድ ውሻ እየጮኸ በሽቦው ሥር ይመላለሳል። በዚያ በኩል ቢያልፉ ቤታቸው ቅርብ ነበር። አሁን ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በአስፋልቱ ዳር መዞር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከሞምባሳ የሚመጡት ተሳቢዎች ናይሮቢ ሳይመሽባቸው ለመግባት የሚበሩበት ሰዓት ነው።

«አብሬዎት ልንዳ» አልኳቸው።

«ጫማህ ያዝናል» አሉና በትራቸውን አንሥተው ከብቶቹን መለሷቸው።

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አስፋልቱን በግራ ይዘን ተጓዝን። ከብት ሲነዳ እየተጯጯሁ መነጋገር የተለመደ ነውና ክርክራችን ከዚያው ጀመረ።

«ነገ ለስብሰባው ነው የመጣኸው» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኔ የምመጣው ልቃወም ነው። ቀድሜ ብነግርህ ይሻላል። የፓኪቴንግ ልጅ በሰው ፊት እንዲደነግጥ አልሻም።»

«ደግ አደረጉ። ምክንያቱን ግን ብሰማ ደስ ይለኛል።»

«ምክንያቱን ታውቀዋለህ። እኛ ጎረምሶች ሳለን ይህ ሁሉ ሜዳ የጋራ ነበር። ትልልቅ ሰዎች መጡና ‘ተካፈሉ፣ ወረቀት ያዙ፤ ወረቀት ያለውን ሰው ማንም አያፈናቅለውም’ አሉን። አባትህና እኔ በዚህ ነገር ተጣልተን ታርቀናል። በመጨረሻ ተካፈልን፤ ወረቀቱንም ያዝን። አሁን ደግሞ ሌላው ቦርሳውን አንግቶ ይመጣና ‘ወረቀቱ ያንተ ነው፣ መሬቱ ግን እኛ ያልነውን ይሆናል’ ይለኛል። እስቲ አንተ ተምረሃል፤ ያ እጅና ይህ እጅ አንድ እጅ አይደለም?»

ይህንን ጥያቄ በሌሊት ብዙ ጊዜ ለራሴ ጠይቄዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ይበልጥ ከበደኝ። ቢሆንም ዝም ማለት መሸነፍ ነውና፣

«ማንም መሬትዎን አይወስድብዎትም» አልኳቸው። «የሚከለከለው መሸንሸኑ ነው እንጂ መሸጡ አይደለም። ሃምሳ ኤከር ከዚያም በላይ መሸጥ ይቻላል።»

«ሃምሳ ኤከር የሚገዛ ማን ነው?»

«አቅም ያለው።»

«ሚኒስትር በላ፣ ለምን ታፍራለህ። መምህር የሚገዛው ለቤት የምትሆነውን ቁራሽ ነው፤ ነርስም እንደዚያው። እናንተ መምህሩን ከልክላችሁ ለሚኒስትሩ ልትሸጡን ነው።»

«ለመምህሩማ በአስፋልቱ ዳር ቦታ ተመድቧል። ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም ያለው እዚያው ነው። ሜዳው መሀል ቢሠራ ውኃውን ማን ያደርስለታል? መብራቱንስ?»

«ለቃል መቼም አታንስም። እኛን ግን ቱሪስት ፎቶ እንዲያነሣን ብቻ ባለንበት አቁማችሁ ልታስቀሩን ነው። ቆርቆሮ ቤት ያማረን አንመስላችሁም?»

እዚህ ላይ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከኋላችን የተሳቢ ጥሩንባ ጮኸ። ከብቶቹ ተደናግጠው ተበታተኑ። ከመካከላቸው ሆዷ የገፋ አንዲት ግንባረ ነጭ ላም ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ወጣችና መሀሉ ላይ ቆመች። ሮጥኩ፤ ሽማግሌው ግን ቀድመውኝ ነበር። ቀይ ብርድ ልብሳቸውን ከትከሻቸው ገፈው በተሳቢው ፊት እያውለበለቡ ከላሚቱ አጠገብ ቆሙ። የፍሬኑ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መኪናው ሲቆም የሞተሩ ሙቀት ፊቴ ላይ ተሰማኝ፤ ላሚቱም የተሳቢውን መብራት አሸተተችው።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። ላሚቱንና ሽማግሌውን እያፈራረቀ አየና፣

«ሽማግሌ፣ ላምህን አስፋልት ላይ መሄድ ማን አስተማራት?» አለ።

«አጥር» አሉት ፓርሙአት፤ ላሚቱንም ጎሸም አድርገው ወረዱ።

ሹፌሩ ምን እንዳሉት አልገባውም። ጥቂት አጉረምርሞ ሄደ። እሳቸው ብርድ ልብሳቸውን መልሰው ሲለብሱ ሁለት ጊዜ ከትከሻቸው ወደቀ። እንዳየሁ ሲያውቁ ፊታቸውን አዞሩ። አንባቢ ይፈርድብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ማዘን ሲገባኝ ለክርክሬ የሚሆን ነገር አገኘሁ።

«አባቴ፣ ያንን አጥር ያጠረው ሰው ዛሬ ምን ሕግ ጣሰ?» አልኳቸው።

ወደ ኋላ ዞረው አጥሩን አዩ።

«ምንም አልጣሰም። መሬቱ የራሱ ነው። ወረቀት አለው። ልክ እንደ እርስዎ።»

በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ጉዞውን ቀጠሉ።  በመጨረሻ፣

«እንግዲያው እኔም እንደሱ አደርጋለሁ» አሉ። «ቁርጤን ልንገርህ። ከምሥራቁ በኩል ሃያ ኤከር ልሸጥ ተስማምቻለሁ። በሚገኘው የቀረውን አጥሬ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ከዚያ ወዲያ አስፋልትም አልረግጥ፣ የማንንም አጥር ቆሜ አላይ። ደላላው ቀያሹን ይዞ ዛሬ ሳይመሽ ይመጣል። ነገ ስትሰበሰቡ እኔ ጨርሻለሁ።»

የስብሰባው ነገር የተበላሸ መሰለኝ። ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነው። እሳቸው ሃያ ኤከር ቆርሰው ከሸጡ ነገ በግራሩ ሥር ማን ይሰማኛል?

«ጉድጓዱ ውኃ ይሰጥዎታል፤ ሣሩስ ከየት ይመጣል?» አልኩ።

«ከመሬቴ።»

«ዘንድሮ ዝናቡ የት ዘነበ?»

«ከወንዙ ወዲያ።»

«ዓምናስ?»

«እዚህ ነበር።» ቆም ብለው አዩኝ። «ወዴት ልትነዳኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው እንደ ከብት አይነዳም፣ ልጄ።»

«አልነዳዎትም። ዝናቡ የማንንም ወረቀት አያነብም ልል ነው።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሆላንድ ነው የተማርከው?»

«የለም፤ አባቴ ሲል ነው የሰማሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አሉ፤ ወዲያውም ሳቃቸውን ዋጡት።

ግቢያቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ሬሲያቶ ጥጆቹን ሊያስገቡ ወጥተው ነበር። ሬሲያቶ ቀጭን፣ ቃላቸው የተሳለ ሴት ናቸው። ላሚቱ አስፋልት መውጣቷን ሲሰሙ ሆዷን ዳበስ ዳበስ አድርገው «አንቺስ እሺ፣ ላም ነሽ» አሏት፤ ቀና ብለውም ባላቸውን አዩ። ለእኔ ሻይ በወተት አምጥተው በረቱ ደጃፍ በርጩማ ሰጡኝ።

ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት፣ ከግቢው በስተምሥራቅ፣ አንድ ነገር አየሁ። አገሩ ሁሉ እንደ በሬ ጀርባ ተልጦ ሳለ እዚያ ጉልበት የሚደርስ ሣር ቆሟል። አጥር የለውም፤ ችካል የለውም፤ የድንጋይ ክምር እንኳ የለውም። የጎረቤት ከብቶች ከግጦሽ ሲመለሱ አጠገቡ ይደርሱና እረኞቹ መልሰው ያዞሯቸዋል። ጥቂት ጥጆች ብቻ መሀሉ ገብተው ይግጣሉ። እኔም ልጅ ሆኜ የዚያን ሣር ዳር አውቀው ነበር፤ ማን እንዳሳየኝ ግን አላስታውስም።

«እነዚህ ጥጆች ሁሉ የእርስዎ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የኔም አሉበት። የጎረቤቶቼም አሉበት።»

«ሣሩ ያረፈው በማን ወረቀት ላይ ነው?»

«ስንካፈል በኔ በኩል ወደቀ።»

«ታዲያ የጎረቤት ጥጆች ለምን ይገባሉ?»

«ጥጆች ናቸዋ» አሉ፤ ሞኝ ነገር እንደተጠየቀ ሰው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው።

«የእርስዎ ትልቁ በሬ ቢገባስ?»

ፊታቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። ሬሲያቶ ግን ከጥጆቹ ቤት ሆነው ሳቁ።

«ንገረው እንጂ» አሏቸው። «ያፈርክበት ነገር ከሆነ እኔ ልንገረው?»

«የሲሮንካ እናት፣ ሥራሽን ሥሪ» አሏቸው፣ በልጃቸው ስም ጠርተው።

«እየሠራሁ ነው የምናገረው።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ትልቁ በሬው ሊሞትበት ሲል ማታ አስገብቶ አጋጠው። ወረቀቱን ከያዘ በኋላ ነው እንግዲህ። ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡና ጊደር ፈረዱበት። ፍርዱን የተናገረው ያንተው አባት ነው። መሬቱ የሱ፣ ሣሩ የሱ፣ በሬውም የሱ፤ ጊደር ከፈለ።»

«ለምን ከፈሉ፣ አባቴ?» አልኩ።

ፓርሙአት በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ይጭራሉ። 

«ባልከፍል በማግሥቱ ሁሉም የየራሱን በሬ ያስገባ ነበር። የሁሉም በሬ እየሞተ ነበርና። ከዚያ ወዲያ ሣር የለም። ሣር ከሌለ ጥጃ የለም፤ ጥጃ ካለቀ ድርቁ ሲያልፍ ከምን ትጀምራለህ? በሬ ለዘንድሮ ነው፤ ጥጃ ለከርሞ ነው።»

«እኔ ነገ በግራሩ ሥር የማነብበው ነገር ይኸው ነው» አልኳቸው። «የሜዳው ሁሉ ጥጃ ሣር ይኑር ነው የምንለው። አንዳንዱ ቦታ በማንም ወረቀት ላይ ቢወድቅ ለሁሉም ከርሞ ይሆናል። ባለቤቱ ይግጥበት፣ ይኑርበት፣ ለልጁም ያውርሰው፤ የሁሉንም ከርሞ ግን ለብቻው አይሽጠው።»

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ አይደለም። ያንን የከለልነው እኛ ነን፣ ተቀምጠን፣ ተጨቃጭቀን። ያንተን የከለለው ቢሮ ነው። እኔ ጊደር ስከፍል የፈረደብኝ ፓኪቴንግ ነው፤ በማግሥቱ መጥቶ ‘እንዴት አደርክ’ ብሎኛል፤ በሬው ሲሞትም ሥጋውን አብሮኝ አውጥቷል። የናንተ ሰው በማግሥቱ ይመጣል?»

 አራት ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ «የፈረደው ሰው በማግሥቱ ይመጣል ወይ?» የሚል አላጋጠመኝም። ቢሮው ሊያጠፋው የማይገባ፣ ሊተካውም የማይችል ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ብዬ ልነግራቸው ስል ግን ከግቢው ውጪ የመኪና በር ተዘጋ።

ደላላው ኬሎ ነበር። የባዕድ ሰው አይደለም፤ ከዚያው ከኦልማሳንጋ ነው፤ አያቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። ከኋላው አንድ ቀያሽ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች አቅፏል። ኬሎ ለፓርሙአት አናቱን ሰጠ፤ እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ፕላኑ ራሱ እዚህ ነው? ጥሩ ነው። እሱ መስመር ያሰምራል፣ እኛ ችካል እንተክላለን፤ ሥራው አንድ ነው።»

«ቁጭ በል፣ ሻይ ይምጣልህ» አሉት ፓርሙአት።

«ይመሽብናል አባቴ። ቀያሹ ካሁን ወዲያ አይታየውም። ከምሥራቁ ብለውኛል፤ ገዢዎቹንም ትናንት በመኪና አሳልፌ አሳየኋቸው። አገሩ ሁሉ ደርቆ ይቺ ብቻ ለምልማ ሲያዩ ሌላ ቦታ አንፈልግም አሉ። አፈሩ ጥሩ ቢሆን ነው፣ ውኃም ቅርብ ይሆናል አሉ።» በእጁ የጥጆቹን ሣር አሳየ።

ሬሲያቶ የያዙትን ቅል መሬት አስቀመጡ።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የተናገርኩት» አሉ ፓርሙአት። «ያ የጥጆች ነው።»

«ወረቀቱን አይቻለሁ፤ የእርስዎ ነው።»

«የኔ ነው። የጥጆች ነው።»

ኬሎ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «አባቴ፣ እኔም እዚያ ሣር ላይ ጥጃ ጠብቄ ነው ያደግኩት። ግን ወረቀቱ ላይ ጥጃ የሚል አላየሁም። ገዢውም አያይም። ናይሮቢ ያለ ሰው ‘ይህ የጥጆች ነው’ ብዬ ብነግረው ‘የጥጆቹን ፊርማ አምጣ’ ይለኛል።»

ቀያሹም ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ፓርሙአት ሣሩን ተመለከቱ፤ ቀጥለው ችካሎቹን፤ ቀጥለው እኔን። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ንዴት አልነበረም። ሲጠብቁት የኖሩት ነገር በር እንደሌለው ያዩ ይመስሉ ነበር። ጎረቤት ጊደር ይፈርዳል፤ አባቴም ፈርዷል። ናይሮቢ ያለውን ሰው ግን ማን ጠርቶ ጊደር ይፈርድበታል?

«እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ይጻፋላ» አሉ በቀስታ። «ሽያጩ ቀርቷል፣ ኬሎ። ለድካምህ ሻይ ጠጣ፤ ችካልህን ግን እዚህ አትትከል።»

ኬሎ ለማግባባት ሞከረ። ዋጋ ጨመረ፤ ቦታውን ከወዲያኛው እንለውጥ አለ፤ ጉድጓዱን አነሣ። ፓርሙአት ለሁሉም «ሻይ ጠጣ» ብቻ አሉት። በመጨረሻ ተነሥቶ አቧራውን ከሱሪው አራገፈ።

«እሺ። የአባት ቃል ነው፣ አልቆጣም። ልጅዎ ግን ከእርስዎ ይፈጥናል» አለና ሄደ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ሬሲያቶ ነገሩኝ። ልጃቸው ሲሮንካ ናይሮቢ የሚኖር፣ ትዳር ሲይዝ ከአባቱ መሬት የወንዙን ዳር በስሙ የተቀበለ ነው፤ ኬሎ ደግሞ ያንን ዳር እንዲሸጥ ሲያባብለው ሰንብቷል። መተላለፊያው በሜዳው ሁሉ አልፎ ወንዙ ጋ የሚደርሰው በሲሮንካ ድርሻ ላይ ነው። ሌላ መውረጃ የለም፤ የነበረው ተሽጧል።

«ስልክ ካነሣልኝ ቆይቷል» አሉ እናቱ። 

በማግሥቱ በግራሩ ሥር ሰዉ ተሰበሰበ። እኔ ያዘጋጀሁትን ረጅም ጽሑፍ ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ፓርሙአት በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እቃወማለሁ ብለው ሲናገሩ የሰነበቱ ሰው ስለ ሆኑ ሁሉም ጸጥ ብሎ ጠበቃቸው።

«ትናንት የጥጆቹን ሣር ልሸጥ ነበር» ብለው ጀመሩ። ማጉረምረም ተሰማ። «አውቄ አይደለም። እኛ የምናውቀውን ገዢው ያውቃል ብዬ ነው። አያውቅም። የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ወሰናችን በልባችን ነበር፤ ልባችንን የማያነብ ሰው መጥቷል። ስለዚህ ይጻፍ። ግን መስመሩን በእግራችን እየሄድን የምናሳየው እኛ እንሁን፤ ያጠፋውንም በመጀመሪያ የምንጠይቀው እኛ ጎረቤቶቹ እንሁን። ቢሮው የኛን ቃል ይጻፍልን እንጂ ቃል አይስጠን። ይህ ልጅ እሺ ካለ እኔ እፈርማለሁ።»

እሺ አልኩ። ለአለቃዬ እንዴት እንደምነግረው ባላውቅም እሺ አልኩ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንዱ «ልጄ ቢታመምብኝ ሃምሳ ኤከር ሸጬ ነው የማሳክመው?» አለ፤ ትክክል ስለ ሆነ በአስፋልቱ ዳር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ተቆርሶ የሚሸጥ ድርሻ እንዲኖር ተጻፈ። ሌላው «ትናንት የታጠረው አጥርስ?» አለ፤ ባለቤቱ ተጠርቶ በር እንዲከፍት ይለመን ተባለ፤ ይከፍታል ብሎ የማለ ግን አልነበረም።

የተስማማንበት ነገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሜዳው ሳይቆራረጥ ከቀረ ዝናብ በዘነበበት ሁሉ ከብት ይደርሳል፤ ከብት ከደረሰ ወተቱ አይነጥፍም፣ የልጆቹም ትምህርት አይቋረጥም። ቤቶች ባንድ በኩል ከተሰበሰቡ ውኃና መብራት ለሁሉም ይዳረሳል። መሬቱን ማቆየት የሚፈልግም በጎረቤቱ ችካል ተከቦ ሳይወድ አይሸጥም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አምኜበታለሁ። ነገር ግን መተላለፊያ ከሜዳ እስከ ወንዝ ካልደረሰ መተላለፊያ አይባልም። በመስመሩ ላይ መሬት ያላቸው ሁሉ ሲፈርሙ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ቀረ።

ሰዉ ሲበተን ፓርሙአት እጄን ይዘው ወደ ግራሩ ግንድ ወሰዱኝ።

«እኔ ስደውል አያነሣም። ያንተን ቁጥር አያውቀውም። ጻፍልኝ» አሉ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ሳስተካክልባቸው ከለከሉኝ።

«ሲሮንካ፣ አባትህ ነኝ። የሚጽፍልኝ የፓኪቴንግ ልጅ ታጄው ነው። መሬቱ ያንተ ነው፤ ሰጥቼ አልወስድም። ዛሬ ሁላችንም ፈርመናል፣ ያንተ ብቻ ቀርቷል። ሽጥም አልልህም፣ አትሽጥም አልልህም። ከብት የሚያልፍበትን ያህል ብቻ ተውልን። ዘንድሮ ዝናቡ ከወንዙ ወዲያ ነው የዘነበው፤ አንተም ታውቃለህ። እናትህ ደህና ናት። እሺ በለኝ።»

ላክሁት። ጥቂት ቆይቶ እንዳነበበው የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው በሁለት መዳፋቸው ያዙት፤ ግንዱን ተደግፈውም ቆሙ። ጥላው ከእኛ ላይ አልፎ ሄደ። አልተንቀሳቀሱም።

«ልድገምለት?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አንብቧል አላልክም?» አሉኝ። «የሰማን ሰው ሁለት ጊዜ አይጠሩም።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ በሜዳው ላይ የነበረው ሣር አልቋል፤ ከብቶቹም ወደ ወንዙ መውረድ ይኖርባቸዋል። መልስ አልመጣም።